ደመላሽ የማይደግመው ትእዛዝ

ደመላሽ ከዲማ ቅኔ ቤት ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ላይ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኗል፤ ቅኔ ቤቱ ግን ከእሱ አልወጣም። የቅኔ ሰው የትናንቱን ቅኔ ዛሬ አይደግምም፤ ቢደግም ነውር ነው፣ ይሳቅበታል። ለቤተ ክርስቲያን ደግ ሕግ ነው። ደመላሽ ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሕጉን ኮምፒውተር ላይ አመጣው!

የገበሬ ማኅበራት እህላቸውን የሚመዘግቡበት አንድ ነጻ ፕሮግራም አለ። የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ በየአገሩ ያለ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ እጁን ያስገባበታል። አማርኛውን የያዙት ደመላሽና ባልደረባው ወንጌላዊት ናቸው። የተተረጎመው ቃል ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ፣ ለኮምፒውተሩ በሚገባው መልክ ተለውጦ ነው ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው። ይህን የሚያሰናዳው ደመላሽ ነው፤ አዲስ እትም በመጣ ቁጥር ታዲያ ያለፈውን መንገድ ትቶ ሌላ ይፈለስፋል። አንዴ ቃላቱን ከኋላ ወደ ፊት ይሰበስባል፣ ሌላ ጊዜ በታትኖ መልሶ ይገጥማል፤ ከፊሉን በትእዛዝ፣ ከፊሉን በእጁ። ሲጨርስ ወንበሩን ገፋ አድርጎ "እህ! ተቀኘሁ!" ይላል።

ወንጌላዊት የድጓ መምህር ልጅ ናት። "ሁሉንም ሰብስቦ አጣርቶ የሚለውጥ አንድ ትእዛዝ ጽፌያለሁ፤ ሁልጊዜ ያው ነው፣ ማንም ያዘዋል" ብላ ብታሳየው፣ "ይሄማ የሰነፍ ነው" ብሎ አጣጣለባት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ሥራነሽ ከአምበር ከተማ ደወሉ። የዚያ የገበሬ ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ናቸው።

"አንተ ደመላሽ! ትናንት ጤፉን ሁሉ ስመዘግብ ውዬ 'አስቀምጥ' ብለው ድራሹን አጠፋው እኮ!"

"እትዬ፣ ምናልባት ሌላ ነክተው..."

"ምን እነካለሁ! 'ሰርዝ' ስለውማ አስቀመጠልኝ!"

ደመላሽ ፕሮግራሙን ከፍቶ አየው። ሲበታትንና ሲገጥም ሁለቱን ቃላት አቀያይሯቸዋል። ወዲያው ከፕሮግራሙ ኃላፊዎች መልእክት መጣ፤ ስህተቱ እስከ ማታ ካልታረመ አማርኛው ከፕሮግራሙ ይወጣል። እትዬ ሥራነሽና መሰሎቻቸው በማይገባቸው እንግሊዝኛ ሊመዘግቡ ነው!

"ሁለት ቃል አይደል እንዴ" አለ ደመላሽ። ቃላቱንስ አረመ። መልሶ ማሰናዳቱ ላይ ግን ጉድ ፈላ፤ ባለፈው በየት በኩል እንደሄደ ጠፋው። አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይበላሽበታል፤ ባለፈው እሺ ያለው ዛሬ እምቢ ይላል። ምሳ ሰዓት አለፈ።

"ቅኔው ጠፋህ?" አለች ወንጌላዊት።

"አትቀልጂብኝ፣ በእመቤቴ!"

"አባቴ አንዱን ዜማ ዕድሜ ልኩን ሲደግም የኖረ ሰው ነው። አዲስ መፍጠር አቅቶት እንዳይመስልህ፤ ሌላው እንዲይዘው ብሎ ነው።"

ደመላሽ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። አፍሯል፤ ከማፈሩም ይልቅ ፈርቷል። "በይ አምጭው፣ ያንቺን" አለ።

አሳየችው፣ ራሱ አዘዘው። የቀረበለትን ሻይ ስኳሩን እንኳ አማስሎ ሳይጨርስ ሥራው አለቀ።

"በቃ? ይኸው ነው?" አለ ተናዶ።

"ይኸው ነው።"

ላኩት። ሳይመሽ ኃላፊዎቹ ተቀበሉት፤ አማርኛው ተረፈ። ደመላሽ "ተመስገን!" ብሎ ሳይጨርስ ወንጌላዊት ሌላ ነገር አመጣች።

"አሁን ያንተን እናጥፋው። ሁለት መንገድ ካለ የሚመጣው ሰው ይሳሳታል።"

"ያን ሁሉ የተጠበብሁበትን? ለማስታወሻ እንኳ ይቀመጥ እንጂ!"

"ለምን? ልትደግመው ነው?"

ደመላሽ የጻፈውን ሁሉ ከፈተ። እያጉረመረመ አጠፋው።

በማግስቱ እትዬ ሥራነሽ እንደገና ደወሉ። አሁን 'አስቀምጥ' ሲሉት ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ማዳበሪያ መባል ያለበት ቦታ ላይ ፍግ ተብሎ ተጽፏል፣ መቼ ይታረማል? ደመላሽ "እኔ አሰናዳዋለሁ" ሊል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

"እርስዎ ራስዎ ያርሙት፣ እትዬ" ብሎ ቃሉ የሚታረምበትን ቦታና የወንጌላዊትን ትእዛዝ ፊደል በፊደል በስልክ ነገራቸው።

ስልኩን እንደያዘ ጠበቀ። ከአምበር በኩል የኮምፒውተር ቁልፎች ኳኳታ ተሰማ።

"አለቀ!" አሉ። ቀጠሉና፣ "ይኸ ከሆነማ፣ አንተ ልጄ፣ ያንተ ሥራ ታዲያ ምን ነበር?"

"እሱንማ እኔም ገና እያሰብሁበት ነው፣ እትዬ" አለ ደመላሽ።