አንድ ቀን የተወለዱ

ውድነህ በዚያ ዓመት ለራጅና ለላቦራቶሪ ተማሪዎች የሕመምተኛ መዝገብ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚያዝ ያስተምር ነበር። ለንደን ተምሮ እስራኤል አገር፣ ሃይፋ ካሉት ወገኖቹ ጋር ከተቀላቀለ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከኮምፒውተር በቀር ስለ ምንም ነገር እርግጠኛ አልነበረም።

ያን ጠዋት ድርብ መዝገብ ስለ ማዋሐድ ነበር ትምህርቱ። የመታወቂያ ቁጥር ባይኖርም ስም፣ የአባት ስምና የልደት ቀን ከገጠመ ሰውየው አንድ ነው፤ አዲሱን አቆይታችሁ አሮጌውን ሰርዙ አላቸው።

ከትግራይ የመጣችው ጽገሬዳ ከኋላ ሳቀች። «እንደሱማ ከሆነ መምህር፣ ክርያት ያም ያለው የኛ ሕንጻ በሙሉ አንድ ሰው ነው። አገሩ ስንገባ ልደቱን ላላወቀ ሁሉ መዝጋቢዎቹ ጃንዋሪ አንድ ብለው ጻፉለት እኮ።»

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ውድነህ ግን ያለፈውን ሳምንት ሥራውን አስታወሰ። እሱ የትምህርት ቤት ወረቀት ስለነበረው በትክክለኛ ቀኑ ነው የተመዘገበው፤ የሌላው ነገር ታይቶት አያውቅም። ባለፈው ሳምንት፣ በትርፍ ሰዓቱ በሚሠራበት ክሊኒክ፣ በዚሁ ሕግ አርባ መዝገብ አዋሕዷል። አንዷ ባንቺአየሁ ማረው ነበረች። አሮጌው መዝገቧ ላይ «ፔኒሲሊን አይሰጣት» ይላል፤ አዲሱ ላይ ስለሌለ የጸሐፊ ስህተት መስሎት አጠፋው።

ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ስልክ ሮጦ ክሊኒኩ ደወለና ስለ ባንቺአየሁ ጠየቀ። ያነሳችው ነርስ ነገሩ ግራ እንደገባት ነገረችው። ባንቺአየሁ ጉሮሯቸውን ታመው አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ ፔኒሲሊን ልትወጋቸው ስትል ግን ኮምፒውተሩ ከሩብ ሰዓት በፊት በሌላው ክፍል ተወግተዋል አላት። ስልኩን ለሴትዮዋ እንድትሰጣቸው ለመናት።

«እማማ፣ መርፌ ጎድቶዎት ያውቃል?»

«እኔንስ ምንም አላለኝ፣ ልጄ። የማይስማማትስ እስከ አባት ስም ሞክሼዬ ናት። አብረን መጥተን፣ እሷ ቀድማኝ ተወግታ ወደ ቤቷ ሄደች።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረችም?»

«ተጽፏል፣ ያውቁታል ብላ ነዋ።»

ነርሷ ስልኩን ተቀብላ አምቡላንስ ወዴት እንደምትልክ ጠየቀችው። መዝገቡ ላይ የቀረው የእኒህኛዋ አድራሻ ብቻ ነው። የዚያችኛዋ ቤት ክርያት ቢያሊክ መሆኑን እንጂ ቁጥሩን ውድነህ አያስታውስም፤ በገዛ እጁ ሰርዞታል።

እማማ ባንቺአየሁ ከዳር ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ ድምፃቸው መጣ። «ቁጥሩን እኔም አላውቅ፤ ወደ ቤቷ የሚያወጣውን ደረጃ ግን አውቀዋለሁ። መኪናው ላይ ጫኑኝ፣ እመራለሁ።»

በክሊኒኩ በኩል ስልኩ ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የሚጣደፍ እርምጃ፣ በር፣ ቆይቶም እየራቀ የሚሄድ የአምቡላንስ ጩኸት ውድነህ ሰማ። ጽገሬዳና ሌሎቹ ተማሪዎች ተከትለውት ወጥተው ከኋላው ቆመዋል፤ የሚስቅ የለም። ውድነህ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ።