የጥንቸሏ ብርድ ልብስ

ተረቱ ገና ከእኩሌታው ሳይደርስ ከኋላ ወንበር ሳቅ ፈነዳ። መምህርቷ ተረቱ የጣማቸው መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። በተረቱ፣ አባቷ ጥሏቸው ከሄደ ወዲህ ትንሿ ጥንቸል ሌሊት አልጋዋ ላይ ሽንት ያመልጣታል፤ እናቷም ዝሆን የተጠለፈበትን ብርድ ልብስ ማለዳ ማለዳ አጥር ላይ ታሰጣለች። ይኼኔ አንዱ ቀልቃላ፣ "ጥንቸሏማ እዚህ አለች" አለ። ፊት ሁሉ መስኮቱ ሥር ወደምትቀመጠው ልጅ ዞረ።

መምህርቷ ክው አለች። ተረት የልጆችን የታመቀ ሆድ ያስተነፍሳል ተብላ ሠልጥናለች፤ እሷም አምናበታለች። ልጅቷ ጆሮዋ ሥር የነገረቻትን ምስጢር ተረት ያደረገችው ክፉ አስባ አልነበረም። ልጅቷን ጥንቸል አደረገቻት፤ ብርድ ልብሱን ግን፣ ዝሆኑ ስላማራት፣ እንዳለ ተወችው። የክፍሉ ልጅ ግማሹ በዚያ አጥር ሥር እያለፈ እንደሚመጣ አላወቀችም።

ተማሪዎቹ ወደ ቤት ሲለቀቁ ልጅቷ አጠገብ ተንበረከከች። ስሟን እንዳልጠራች፣ ጥንቸል ብቻ እንዳለች ልታስረዳት ሞከረች።

"ብርድ ልብሱን እኮ ያውቁታል" አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። "ለማንም አልናገርም ብለውኝ አልነበር ቲቸር?"

ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

"ነገ አልመጣም" ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ርእሰ መምህሩ ፈገግ ብለው ጠበቋት። የልጆቹ ሳቅ እስከ ቢሯቸው መሰማቱን ነገሯት፤ ነገ ለሚመጡት እንግዶች ይህንኑ ተረት እንድትደግመው ፈለጉ። እኚህ ሰው በምስጋና አይታሙም፤ "እሺ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

"አልደግመውም ጋሼ። ሳላስፈቅድ የወሰድኩት ነው።"

"ይሄ ነው ያስጨነቀሽ? ከመጽሐፍ ለወሰድሽው ማን ይከስሻል?"

"ከመጽሐፍ አይደለም" አለች። "ከልጅ ነው።"

የማን ልጅ ብለው ሳይጠይቋት ተሰናበተቻቸው። እናትየው ጉዱን ከጎረቤት አፍ ከምትሰማው ከበዳይዋ ብትሰማው ይሻላል ብላ፣ ልጅቷ ወደሄደችበት መንገድ ታጠፈች።