የተገለበጠው ልክ

ወንድሜ አናጺ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው፤ ምክንያቱን ለማወቅ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከቦታ ቦታ ማዛወር ይበቃል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቅጽል ስሜ ደግሞ «ለምን» ነው። ያወጣልኝ አባታችን ነው። በማያገባኝ ሁሉ እየገባሁ ስጠይቅ ያተረፍኩት ስም ስለሆነ አላፍርበትም።

አባታችንም አናጺ ነበር። አምና ታሞ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ግን ወንድሜ መዶሻ አያስነካውም። ንግግሩም ስለከበደው አንድ ነገር ሲጀምር «እሺ አባባ፣ እሺ» እያልን ወደየሥራችን እንሄዳለን። ደረጃ መውጣት ስላልቻለ ግቢው ውስጥ ለብቻው አንዲት የእንጨት ክፍል ልንሠራለት ወሰንን። ወንድሜ ፕላኑን ሲያወጣ በሩን ወደ ኩሽናችን አዞረው፤ ሥራ ላይ ሆነን እንኳ ዓይናችን ከእሱ እንዳይለይ ብሎ ነው። በመንገዱ በኩል መስኮት ብቻ አደረገለት። እኔም ደግ ሐሳብ መስሎኝ አመሰገንኩት።

የክፍሉ ወለል አርማታ ነው። የእንጨት ቋሚዎቹ ግን አርማታው ላይ አይቆሙም፤ እያንዳንዳቸው የብረት ጫማ አላቸው፣ ጫማው ደግሞ አርማታው ውስጥ በተቀበረ ብሎን ይታሰራል። ይህ ገረመኝ።

«እንጨቱ ለምን ዝም ብሎ ወለሉ ላይ አይቆምም?» አልኩት።

«አርማታ ውሃ ይጠጣል። እንጨቱ ከነካው አብሮ ይጠጣና እግሩ ይበሰብሳል። ጫማው አንድ ጣት ያህል ከፍ ያደርገዋል።»

«ብሎኑስ?»

«ነፋስ እንዳያነሳው ይይዘዋል።»

«ብሎኑን እራሱን ማን ይይዘዋል?»

«አርማታው! አንቺን ማን እንደሚይዝሽ ግን እንጃ» አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

አርማታ ከደረቀ በኋላ ብሎን ወዲህ ወዲያ አይልም። ስለዚህ ወንድሜ ከስስ ጣውላ የወለሉን ስፋት የሚያህል አራት ማዕዘን ገጣጠመ፤ «ልክ» ይለዋል። ብሎኖቹ በልኩ ቀዳዳዎች አልፈው እርጥቡ አርማታ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። የላይኛው ፊቱ እንዳይሳት በቀይ ቀለም «ላይ» ብሎ ጻፈበት። የቀጠርነው ግንበኛ አርማታውን በሚሞላበት ቀን ሲሚንቶ አነሰና ወንድሜ ሊገዛ ሮጠ። ሲወጣ ለአባባ «ልኩ በደንብ መቀመጡን እይልኝ» አለው። ከታመመ ወዲህ የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። አባባ የሥራ ካፖርቱን አስመጥቶ ለበሰ፤ ደስታው አንጀቴን በላው። ወንድሜ ሲመለስ ልኩ ላይ ሁሉ አርማታ ተረጭቶ ነበር።

አርማታው ደረቀ፣ ግንበኛው ልኩን አንስቶ ግድግዳ አስደገፈው፣ ቋሚዎቹን የማቆሚያው ቀን ደረሰ። የማዕዘኖቹ ቋሚዎች ልክክ አሉ። የበሩና የመስኮቱ ግን እምቢ አሉ። ወንድሜ ለካ፣ እንደገና ለካ፣ ሜትሩን ራሱን በሌላ ሜትር ለካ። የእነዚህ ቋሚዎች ብሎን ሁሉ ከሚገባው ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ሸሽቷል።

«አርማታውን ስትሞላ ነው ብሎኖቹን የገፋሃቸው!» ብሎ ግንበኛው ላይ ጮኸ።

ግንበኛው ሌላ ጊዜ አፍ ያለው ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አንገቱን ደፍቶ የሲሚንቶ ማንኪያውን ያጥብ ጀመር። የታጠበ ማንኪያ ነበር።

«ብሎኖቹን ቆርጬ በድሪል ሌላ ቦታ እበሳለሁ» አለ ወንድሜ፣ የብረት መቁረጫውን ገመድ እየዘረጋ።

«አይ... ቆረጥም!» አለ አባባ ከወንበሩ ላይ።

«እሺ አባባ፣ ቆይ።»

አባባ በከዘራው ወለሉን መታ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከነከነኝ። የገፋ እጅ ካለ አንዱን ብሎን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ይገፋዋል እንጂ ሁሉንም እኩል አያሸሽም። ደግሞ ይህን ዓይነት ስህተት የት ነው የማውቀው? ትዝ አለኝ። ስፌት የሚማሩ ልጆች እጅጌ ሲቆርጡ ነው። ልኩ ትክክል፣ ጨርቁ ትክክል፣ ግን ሁለቱም እጅጌ ለቀኝ እጅ ይሆናል።

«አትቁረጥ!» አልኩት። «ልኩን አምጣውና ብሎኖቹ ላይ መልሰው።»

«ደግሞ አሁን ምን ልትይ ነው?»

«ዝም ብለህ አምጣው።»

ከግንበኛው ጋር ተሸክመው አመጡት። ቀዩ ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ ሲያስቀምጡት አልገባም። «ገልብጡት» አልኳቸው። ገለበጡት። ቁልፍ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚገባ ሁሉም ብሎን ብቅ ብቅ አለ። «ላይ» የሚለው ጽሑፍ ወደ ወለሉ ዞሯል። በሩ በመስኮቱ ቦታ፣ መስኮቱ በበሩ ቦታ ሆነው ነበር የተቀበሩት።

ጉዱ ስለተፈታልኝ ልዘል ምንም አልቀረኝም ነበር። ወንድሜ ወደ ግንበኛው ዞረ። «ማንበብ አትችልም?»

«እኔ... ነኝ» አለ አባባ።

የወንድሜ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ቁጣው ጠፋና ለሕፃን የሚሆን ድምፅ አወጣ። «ምንም አይደለም አባባ። ማንም ሰው ይሳሳታል።»

አባባ ግንባሩ ላይ ደም ሥሩ ተገተረ። «አልተሳሳትኩም!» አለ፣ አንድም ፊደል ሳይሰናከልበት።

ግንበኛውም አፉ ተከፈተለት። «‹ገልብጠው፣ እኔ አለሁ› ነው ያሉኝ። ጋሼን እንዴት እምቢ ልበል?»

አባባ ቀስ እያለ ተናገረ። እኛም ማምለጫ ስላልነበረን ቆመን ሰማን። «በሩን... ወደ መንገዱ አድርጉት ብዬ ስንቴ ነገርኳችሁ? እሺ፣ እሺ አላችሁኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ! በር ላይ ቁጭ ብዬ... አላፊ አግዳሚውን ማየት፣ ሰላም ማለት እፈልጋለሁ። እናንተንማ... ስንት ዓመት አየኋችሁ።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ግን እፍረት ተከተለው። እኛ ክፍሉን የሠራነው እሱን ለማየት ነበር። ያን ሁሉ ስጠይቅ፣ እሱ ምን ማየት እንደሚፈልግ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። በጣም አፈርኩ።

ወንድሜ መቁረጫውን እንደያዘ ቆሟል። አንድ ጊዜ ካበራው ብሎኖቹ ይሄዳሉ፣ የአባባ በርም አብሮ ይሄዳል። አባባም ይህን ከእኔ በላይ ስላወቀ ዓይኑን ከመቁረጫው ላይ አልነቀለም።

«ፊትና ኋላው ሲለዋወጥ» አለ ወንድሜ በመጨረሻ፣ «የማዕዘን ቋሚዎቹ አግዳሚ እንጨት የሚሰካበት ቀዳዳ ወደ ውጭ ይዞራል። በሌላኛው ጎን እንደገና መቦርቦር አለበት። ይሄንንስ አስበኸዋል?»

«አስቤዋለሁ። እኔ... እቦረቡረዋለሁ።»

«በአንድ እጅ?»

«መዶሻ» አለ አባባ፣ «በስንት እጅ ነው የሚመታው?»

ወንድሜ መቁረጫውን አስቀመጠ። አንዱን ቋሚ አጋድሞ አባባ ወንበር አጠገብ አደረሰው፣ በእርሳስ አሰመረ፣ መሮውን መስመሩ ላይ አቁሞ ያዘ። መሮው አጭር ነው፤ ጣቶቹ መዶሻው ከሚያርፍበት ብዙም አይርቁም።

አባባ መዶሻውን አነሳ። ግንበኛው ፊቱን አዞረ። እኔ «አይሆንም» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«ምታ» አለ ወንድሜ።

የመጀመሪያው ምት መሮውን ስቶ የወንድሜን አውራ ጣት ጨረፈው። ደም መጣ። አባባ መዶሻውን ወደ ጉልበቱ አወረደ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ወንድሜ ጣቱን አንዴ ሱሪው ላይ ጠረገና መሮውን እዚያው መስመር ላይ መልሶ አቆመው።

«ድገም» አለው።