ሁለት መቶ ሮዝ ፊኛ

ሲሊንደሩ ከክፍሌ መጥፋቱን ያወቅኩት ታካሚዬ አልጋው ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ጠዋት እንደገባሁ ማየት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ግን የሆስፒታል ጋዝ እግር አውጥቶ ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል?

ሥራዬ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ነው። ኮምጣጤ እቀባለሁ፤ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ነገር ካየሁ ገና ካንሰር ሳይሆን በጋዝ አቀዘቅዘዋለሁ። ሦስት ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ አምስት ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። አለቀ። ከሻይ ረፍታችን ያጥራል።

ሴትየዋ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ሳምንት ነጩን ነገር ሳይባት ጋዝ አልቆብኝ ስለነበር ለዛሬ ቀጠርኳት። ፈቃድ ያገኘችው እናቴ ታማለች ብላ ዋሽታ ነው።

«ሲስተር፣ እናቴን ሁለቴ ማሳመም አልችልም» አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች። ሳቅን።

ከዚያ ዞር ስል፣ ትናንት ሞልቶ የመጣው ሲሊንደር የለም። ወለሉ ላይ ክብ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። «ተኚ፣ መጣሁ» ብያት ወጣሁ።

ግቢው በሙዚቃ ቀውጢ ሆኗል። የካንሰር መከላከያ ቀን ነው። አስተዳዳሪያችንን አቶ ሪባን እንለዋለን፤ የሚመርቀው ካጣ የመጸዳጃ ቤት በርም ይመርቃል። መድረኩ ላይ በሁለት መቶ ሮዝ ፊኛ ቅስት አሠርቷል። ከቅስቱ ሥር የኔ ሲሊንደር አፉ ላይ ቱቦ ታስሮለት ቆሟል። የመለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሕክምና ጋዝ ነው!» አልኩት የጥገናውን ሠራተኛ።

«እኔ ምን ላርግ እህቴ? ጋዝ ያው ጋዝ ነው ተባልኩ። ደግሞ ይከብዳል መሰለኝ፣ አልነሳም አለ። በክር ነው የሰቀልነው።»

እውነቱን ነው። ፊኛዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል።

አቶ ሪባን አየኝ። «ሲስተር፣ ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው? ዛሬ እኮ የናንተ ቀን ነው! ነይ ፎቶ ግቢ።»

«ታካሚ አስተኝቼ ነው የመጣሁት። የሷን ጋዝ ፊኛ ነፉበት።»

«በሚቀጥለው ወር ይሞላል። እሷ አንድ ሰው ናት፤ ይሄ ግንዛቤ ለሺዎች ነው።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አለኝ፣ ሪባኑን ደረቱ ላይ እያስተካከለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ደምና መግል ሳሸት ኖሬ እንዲህ አንገሽግሾኝ አያውቅም።

ሌላ ሆስፒታል ደወልኩ። ከሁለት ወር በኋላ አሉኝ። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

«ልበሺ» አልኳት።

«አለቀ እንዴ?» ቀና አለች። «እኔ ደግሞ ያማል ብዬ እንዴት ፈርቼ ነበር!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገርኳት፤ ለሚቀጥለው ወርም ቀጠርኳት። ጫማዋን አጠለቀች።

በሩ ድረስ ሸኘኋት። አቶ ሪባን ፎቶ አንሺውን አስከትሎ መጣና አንድ ፊኛ አስጨበጣት። «ለልጆችሽ፣ እታለም!»

ፊኛውን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። «ሲስተር፣ የኔው ነው?»

«አዎ» አልኳት። ካሜራው ብልጭ አለ።

ሲሊንደሩ በወሩ ሞልቶ መጣ። እሷ አልመጣችም፣ ስልኳንም አታነሳም። ፎቶዋን ግን አስፍተው የክፍሌ በር ላይ ለጥፈውታል፤ ከሥሩ «ቀድሞ መታከም ሕይወት ያድናል» ይላል። ሁለቴ ገነጠልኩት፤ ሁለቴም መልሰው ለጠፉት። አሁን በየጠዋቱ እሷን አልፌ እገባና ከሁሉ በፊት ሲሊንደሩን አያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።