የአባዬ ክፍል ሳይነካ

አክስቷ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ልጅቷ ደግሞ መሬት ላይ ተንበርክካ ሜትር ትዘረጋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ክፍል ይጸዳል እንጂ ይለካል?»

«አንድ ሰዓት ብቻ፣ እትዬ። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

አባቷን ከዚህ ክፍል አንስተው ሆስፒታል ከወሰዱት ሃያ ቀን ሆነው፤ አልተመለሰም። ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሟ ይገባበታል። እሷ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂ ከጀመረች ገና አንድ ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ «ቆፋሪዋ» ነው የሚሏት። አስተማሪዋ አፉ እስኪደርቅ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃ የት እንደነበረ ሳይመዘገብ ከተነሳ አለቀለት። ስለዚህ ክፍሉን አባዬ እንደተወው ወረቀት ላይ ልታስቀረው ነው። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ለቅሶ እንኳን አልመጣላትም፤ «ይቺ ደግሞ ደረቅ ናት» ብለው ሲያሟት ጆሮዋ ገብቷል። እሱም ምንም አልመሰላት።

ከበሩ እስከ ጫማው፣ አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር። የግራው ተገልብጧል። መነጽሩ ሬዲዮው ላይ ነው፣ አንድ እግሩ ተከፍቶ። ጻፈች።

ወንድሟ አንገቱን ብቅ አደረገ። «እሺ ቆፋሪዋ፣ ወርቅ ተገኘ?»

«ካልሲ ተገኘ።»

«የየትኛው ዘመን?»

«ሳሙና ያልነበረበት።»

አክስቷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

አልጋው ብቻ ቀረ። አባዬ ለወራት በአንድ ጎኑ ተኝቶ ብርድ ልብሱ ላይ ቅርጹ ወጥቶ ነበር፣ ትከሻው ሳይቀር። እሱን ተረጋግታ ልትለካው ነው ለመጨረሻ ያቆየችው። ሜትሯን ይዛ ዞር ስትል ቅርጹ የለም። ለካ አንድ ነገር በለካች ቁጥር እዚያው አልጋ ላይ ዘፍ እያለች ነው ስትጽፍ የቆየችው።

«እትዬ፣ ተቀመጥኩበት።»

«ምን ላይ?»

«አባዬ ላይ።»

አክስቷ አልጋውን አየች፣ እሷን አየች። «ታዲያ ምናለበት? ልጁ አይደለሽ እንዴ?»

አሁን ለቅሶው ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። አልጋውን በአራት መስመር ሳለችና መሃሉ ላይ፣ እንደተማረችው፣ «የተረበሸ» የሚል አሰፈረች። ማን እንደረበሸውም መጻፍ ደንብ ነው። «ልጁ» ብላ ጻፈች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

አክስቷ መጥረግ ጀመረች። እሷም ጥራጊው የሚታፈስበትን ካርቶን ያዘችላት።