ከሰባተኛው ፎቶ በኋላ

«ወዲያው ነው። ምንም አልተሰቃየም» አሉ ጋሽ ዓምደሚካኤል፣ በር ላይ ጫማቸውን ለሚያወልቁት ሁለት ሴቶች።

የጓደኛቸውን የባንታየሁን አስከሬን ከሞምባሳ ያመጡት እሳቸው ስለሆኑ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጣው ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሴቶቹ «እሱስ መታደል ነው» እያሉ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሚናስ እናቱን አያት። ይህን በሰማች ቁጥር ትከሻዋ ትንሽ ረገብ ይላል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፤ ያቆማት ይህቺ አንዲት ነገር ናት።

ላፕቶፑን ይዞ መኝታ ቤት ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። ስልኩን እንደ ሰሞኑ ሁሉ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ አልጋው ላይ አኖረው።

እናቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የዘንድሮውን ገጣጥምልኝ። ነገ በሣልስቱ ከሌሎቹ ጋር ልየው።»

ሌሎቹ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ረጃጅም ፎቶዎች፣ አንዱ ካንዱ በላይ። ሁሉም ላይ ያለው የሞምባሳ አሮጌ ወደብ ነው፤ ሁሉም የተነሱት ከአንድ ግንብ ላይ ነው። ሁሉም ላይ ሚናስ ሁለት ጊዜ አለ።

አባቱ ባንታየሁ በወጣትነቱ የጭነት መርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። መርከቧ ስትሸጥ ሞምባሳ ላይ አውርዳው ቀረች። ናይሮቢ መጥቶ ፓርክላንድስ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገኛ ከፈተ፤ ወልዶ ከበደ። ሚናስ አራት ዓመት ሲሞላው ወደዚያው ወደብ ወሰደው። ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆመና ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ እያዞረ አሥር ፎቶ አነሳ፤ እያንዳንዱ ከቀደመው ላይ ሲሶውን እንዲደግም አድርጎ። የመጀመሪያው ላይ ልጁ ግንቡ ግራ ጫፍ ላይ ቆሟል። ልክ እንደተነሳ «ሩጥ!» ይለዋል። ሚናስ በአባቱ ጀርባ ዞሮ ይሮጥና ቀኝ ጫፍ ላይ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። አሥሩ ቤት ተወስደው ሲገጣጠሙ አንድ ልጅ ወደቡን ከዚህና ከዚያ ይዞት ይታያል።

«መንታ ናቸው እንዴ?» ይላል እንግዳ።

«እኔ የማበላው አንዱን ነው» ይላል አባቱ፤ በየዓመቱ፣ በየዓመቱም እየሳቀ።

መገጣጠሙንም ያስተማረው እሱ ነው። «በድንጋዩ ግጠም እንጂ በውሃው እንዳትሞክር። ውሃው ቆሞ አይጠብቅህም።»

ዘንድሮ ሚናስ ሃያ ስድስት ሞላው። ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ የጭነት መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አባቱ «ቅዳሜ በባቡር እንሂድ፤ ውሃውም ይመቻል» ሲለው ደክሞት ነበር።

«አባዬ፣ አሁን እኮ ስልክ በአንድ ዙር ያነሳዋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ግንብ ለግንብ ልሩጥ?»

አባቱ «እንግዲያው ስልኩ ይሩጥልኝ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አልተነጋገሩም። ቅዳሜ ብቻውን ሄደ።

ሚናስ የካሜራውን ፎቶዎች ከፈተ። የመጀመሪያው ላይ፣ እሱ በሚቆምበት ቦታ፣ ግንቡ ላይ ቡናማ ቦርሳ ተቀምጧል። ማንገቻውን እናቱ የሰፋችው የአባቱ ቦርሳ ነው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መግጠም ጀመረ። እስከ ሰባተኛው ድረስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ልክክ አለ።

ስምንተኛው እምቢ አለ። ሰባተኛው ላይ አንድ ሰማያዊ የእንጨት ጀልባ ወደ ወደቡ እየገባ ነው፤ ከፊት ያለው ግማሹ ብቻ ከጠርዙ ገብቷል። ስምንተኛው ላይ ቀሪው ግማሽ መኖር ነበረበት። የለም። ውሃውም ከግንቡ ላይ አንድ ድንጋይ ያህል ወርዷል።

ሰዓቱን ተመለከተ። ሰባተኛው ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአራት ላይ ነው የተነሳው። ስምንተኛው አሥር ሰዓት ከሃያ ሦስት። አባቱ በሁለት ፎቶ መካከል አሥር ሰከንድ እንኳ አይቆይም ነበር።

ስልኩን ገለበጠ። ማየት አላስፈለገውም፤ ግን አየ። *አባዬ፣ ያልተመለሰ ጥሪ፣ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት።* ያን ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነበር። ስሙን አንብቧል። «ትንሽ ይቆይ፣ ይናደድ» ብሎ ስልኩን በፊቱ ደፋው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ፎቶዎች ዘመዋል። አሥረኛው ላይ፣ ቀኝ ጫፍ፣ ቦርሳው እንደገና አለ። አባቱ ከዚያ ሁሉ በኋላ ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ ወስዶ፣ ተመልሶ፣ አንስቶ ጨርሷል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከካሜራው ሥር ወድቆ ያገኙት ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

እህቱ አቢግያ ሻይ ይዛ ገባች። «ማሚ አለቀ ወይ ብላለች። ኧረ፣ ይሄ ጀልባ ምነው ተቆረጠ?»

«አልገጥም አለ።»

«ላስት ይር ያነሳችሁት አለ አይደል? ከዛ አምጥተህ ፔስት አርገው። ማን ያውቃል፣ ሳዋ? እሺ?» ብላው ወጣች።

ከአምናው የመጨረሻዎቹን አራቱን አመጣ። ወደቡ ያለ ስፌት ሙሉ ሆነ። ተቆርጦ የቀረ ጀልባ የለም፤ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃም የለም። ቀኝ ጫፍ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እየሳቀ የቆመው ሚናስ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኢስትሊ ሄዶ ሁለቱንም፣ የተቆረጠውንም ሙሉውንም፣ አሳተመ። አንድ ላይ ጠቅልሎ በማታቱ ሚኒባስ ተመለሰ። የትኛውን እንደሚዘረጋ ቤት እስኪደርስም አልወሰነም።

ሣልስቱ ላይ ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። እናቱ እጇን ዘረጋች። ሚናስ ጥቅሉን ከፈተና ሙሉውን ጭኗ ላይ ዘረጋው።

«እሰይ! ልጁ አብሮት ነበር ለካ» አለች ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሠርክ ከጎን አንገቷን አስግጋ። «አየሽ አጸደ፣ ብቻውን አልነበረም!»

 የእናቱ ጣት በቀስታ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ነጩ ሸሚዝ ላይ ቆመ።

«ይሄን ሸሚዝ በካውያ አቃጥለህ የለም እንዴ? ራሴ ነኝ የወለል ጨርቅ ያደረግኩት።»

ሚናስ ፊቱ ጋለ።

«የዘንድሮውን ነው ያልኩህ» አለችው።

ሁለተኛውን በላዩ ላይ ዘረጋው። ተቆርጦ የቀረውን ጀልባ አየች። «ግማሹስ የት ሄደ?»

«አባዬ ስምንተኛውን እስኪያነሳ ድረስ ጀልባው ገብቶ አለፈ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፣ እማዬ።»

«አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ምን ሲያደርግ?»

«ሚናስ» አሉ ጋሽ ዓምደሚካኤል ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን ያደርግላታል አሁን?»

«ይናገር» አለች እናቱ።

«አሞት ነበር። ወዲያው አይደለም።»  «መሀል ላይ ደወለልኝ።»

«ስልክህ አልጠራም?»

«ጠርቷል። አይቼ ነው ያላነሳሁት።»

ትከሻዋ እንደገና ወደ ላይ ወጣ። አልጮኸችም። ሁለቱን ቦርሳዎች አንድ በአንድ ነካቻቸው፤ ከዚያ መዳፏን ጀልባው የተቆረጠበት ላይ አኖረች። ሚናስ ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትመታው ይሻለው ነበር።

በሩ ተከፈተ። ከፓርክላንድሱ መጠገኛ ደንበኞች ሦስት ሰዎች «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያሉ ገቡ። አንደኛው ገና ሳይቀመጥ «እንዴት ነው ነገሩ? አሞት ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቱ ሌላውን እጇን አንስታ አስቆመቻቸው።

«ሚናስ ይንገራችሁ» አለች፣ ሳታየው።

 ሚናስ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ፎቶው አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው።