ሰባተኛው ማእድ ቤት

በከተማችን ያሉት አሥራ አንድ ትምህርት ቤቶች፣ የትኛው ልጅ ምን እንደማይስማማው የሚያውቁት ከሲግብሪት ነው። እሷ በዋናው ማእድ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ እኔ ምግቡን በመኪና አደርሳለሁ። ዝርዝሩ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የልጁ ስም፣ ትምህርት ቤቱ፣ ከጎኑ ደግሞ የተከለከለው ምግብ። ጠዋት ጠዋት አንድ ቁልፍ ስትጫን ፕሮግራሙ ስሞቹን ለይቶ በየትምህርት ቤቱ ማእድ ቤት ወዳለው ፕሪንተር በተራ ይልካል። ሰንጠረዡ ለዓመታት ቀመር ሲደራረብበት ስለኖረ ይንቀራፈፋል፤ ልኮ እስኪጨርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ምሳው የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ የተጠበሰ ዓሣ። ሲግብሪት አዲስ የገቡ ሠላሳ ስድስት ልጆችን ጨምራ፣ ስሞቹን በፊደል ተራ አስደርድራ ቁልፉን ተጫነች። እኔ ወረቀት ላስፈርም ቢሮዋ ስገባ ስልኳ ጠራ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ናት። ስንዴ የማይበላው ልጅ እንቁላል፣ እንቁላል የማይበላው ለውዝ ተጽፎለት መጥቷል፤ ምን ነካችሁ ትላለች።

ሲግብሪት ስክሪኑን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። ስሙንና ትምህርት ቤቱን ብቻ መርጣ ነው ያስደረደረችው። የተከለከለው ምግብ አምድ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ልጆቹ ሁሉ የሌላ ልጅ ክልከላ ይዘዋል።

“ቲንድራ” አለች፣ ለራሷ።

ቲንድራ በሰባተኛው ትምህርት ቤት የምትማር የስምንት ዓመት ልጅ ናት። አምና አንድ ጉርሻ ዓሣ ቀምሳ ጉሮሮዋ አብጦ በአምቡላንስ ተወስዳለች። የዚያ ማእድ ቤት ወጥ ሠሪ ታማ፣ ሰኞ የገባች ተተኪ ነው ያለችው፤ ልጆቹን በመልክ አታውቃቸውም።

ከስክሪኑ ሥር “3 ከ11” ይላል። ሲግብሪት ማውሱን ደጋግማ ጠቅ ጠቅ አደረገች። ስክሪኑ ነጣ አለና ደረቀ። ቁጥሩ ግን አራት ሆነ። እኔ ሰባተኛው ማእድ ቤት ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። እሷ የኮምፒውተር ባለሙያውን ቶርከልን አገኘችውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሶኬቱን ልንቀለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ፕሮግራሙ የሚሠራው እሱ ጋ ባለው ዋና ማሽን ላይ ስለሆነ የሚጠፋው ስክሪኑ ብቻ ነው አለኝ።

“ስንቴ ተጫንሽው?” አላት።

“እንጃ። ሃያ ጊዜ።”

“በቃ፣ ማውሱን ልቀቂ። ኪቦርዱ ላይ ከላይ በግራ ጥግ ያለችውን የማቋረጫ ቁልፍ አንዴ ተጫኚና ጠብቂ። ፕሮግራሙ ሰምቶሻል፣ ግን የያዘውን ሳይጨርስ ቀና አይልም። እኔም ከዚህ ገብቼ በግድ ልዘጋው እየሞከርኩ ነው። በግድ ከተዘጋ ግን የዛሬው ሥራሽ ይጠፋል።”

“ይጥፋ።”

አንዴ ተጫነችና እንደገና እንዳትነካው እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሸቀች። አምስት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ስድስት። ከዚያ ስክሪኑ ብልጭ አለና ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚል ጥያቄ መጣ። ይቁም አለችው። ቆመ። ቁጥሩ ግን ሰባት ላይ ነው።

“ሰባተኛው ወጥቷል አልወጣም?” ብላ ጠየቀችው።

ቶርከል እንደማያውቅ ነገራት።

ካፖርቷን ሳትደርብ መኪናዬ ውስጥ ገባች። መንገዱ ግግር በረዶ ነው፤ አራት ኪሎ ሜትሩ አልገፋ አለኝ። እሷ ወደ ሰባተኛው ማእድ ቤት መደወሏን አላቋረጠችም። ምሳ የሚጀመረው ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ስንደርስ ሰባት ደቂቃ አልፎታል።

ተተኪዋ ማይሊስ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። ፕሪንተሩ ላይ ግማሽ ገጽ ተንጠልጥሏል፤ እዚያው ግማሽ ላይ “ቲንድራ፣ ወተት” ይላል። ማይሊስ የተጻፈውን አክብራ፣ ወተት ያለበትን ማባያ ትታ፣ ዓሣውን በልጅቷ ስም ለይታ አቅርባለች። ሳህኑ ከመደርደሪያው ላይ የለም።

ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሹካ በእጇ ይዛ ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች። ሲግብሪት አልጮኸችም። ሄዳ ሳህኑን አነሳች።

“ይሄ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ልጅ። ቀምሰሽዋል?”

“ገና ነኝ። ያቃጥላል” አለች ቲንድራ። “ስሜ አለበት እኮ፤ የአትክልት ጥብስ አይደለም እንዴ?”

ሲግብሪት እዚያው ትንሿ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳህኑን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱ ቀድሞ ወደ ደረሳቸው ስድስት ትምህርት ቤቶች ደወልን። የመጀመሪያዋ ወጥ ሠሪ ቀድማ ለሌሎቹ አምስት ነግራ ስለነበር ወረቀቱን የተጠቀመበት አልነበረም። ቶርከል የትናንቱን ዝርዝር መለሰልን። ሲግብሪት ለአለቃችን ራሷ ሄዳ ተናገረች፤ የቲንድራን እናት ደግሞ ሌላ ሰው እንዲደውልላት አልፈቀደችም።

ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ሲግብሪት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች።

“ታዲያ ምን በላች?” አለች እናትየው በመጨረሻ።

“ድንችና ካሮት። ሁለቴ አስጨምራለች።”

“እሺ” አለችና ዘጋችው።